የኔ ዜማ በማሪሶል አልበም

ሴት ባሏን ስትከታተል ተደብቃ ነው። እኔ ግን ባሌን የተከታተልኩት ከሩቅ በሚታይ፣ ግንባሩ ላይ "ስኩል ባስ" ተብሎ በትልቁ በተጻፈበት ቢጫ አውቶብስ ነው። አሁን ሳወራው የሰማኝ ሁሉ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። የዚያን ቀን ግን ትዳሬ እየፈረሰ ነው ብዬ አምኜ ነበር የወጣሁት።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ጽዮን እባላለሁ። ካናዳ፣ ካልጋሪ የመጣሁት ባሌ ዮናስ ስፖንሰር አድርጎኝ ነው። ሁለት ልጆች አሉን፤ አንደኛዋ ሊያ ናት። ጠዋት ጠዋት በዚያው ቢጫ አውቶብስ የሰው ልጆች ከየበራቸው ለቅሜ ኢንተርናሽናል አቬኑ አጠገብ ወዳለ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ መልሼ እበትናቸዋለሁ። በመካከል ያለው ሰዓት የኔ ነው። ዮናስ ደግሞ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፣ እኔ ስገባ እሱ ለመውጣት ጫማውን ያስራል። የምንገናኘው እሁድ ቤተክርስቲያን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እዚያም እሱ ኪቦርዱ ላይ ነው፣ እኔ ኳየር ውስጥ ነኝ።

የኛ ቤተክርስቲያን ዘፈን አይወድም። ጴንጤ ቤት ያደገ ሰው ነገሩ ይገባዋል። መዝሙር አለ፣ ዘፈን አለ፤ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ወፍራም ነው። እሁድ መድረክ ላይ የሚቆም ሰው በሳምንቱ ዘፈን ሲያጅብ ከተገኘ ሽማግሌዎች ይጠሩታል፣ ይመከራል፣ ከአገልግሎት ወርዶ ከሕዝብ ጋር ይቀመጣል። ማንም አይሰድበውም፤ ግን ሁሉም ያውቃል።

እና ባሌ ክረምቱን ሙሉ ዘፈን ሲያጅብ ከረመ። በኔ ፈቃድ።

ዘፋኟ ማሪሶል ትባላለች። ወላጆቿ ከኮሎምቢያ የመጡ፣ እሷ እዚሁ ያደገች፣ በስፓኒሽም በእንግሊዝኛም የምትዘፍን ልጅ ናት። ሁለተኛ አልበሟን ልትጀምር ስትል ኪቦርድ ተጫዋቿ ቶሮንቶ ገባና ጥሏት ቀረ። ድምፅ የሚቀዳላት ሰው ዮናስን አንድ ሰርግ ላይ ሲጫወት ሰምቶት ስለነበር ደወለለት። ዮናስ መጥቶ ጠየቀኝ።

"ጺ፣ አንድ አልበም ብቻ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ቀን ላይ። ልክ እንደ ኤክስትራ ሺፍት ቁጠሪው።"

"ዕድሜዋ ስንት ነው?" አልኩት።

"የማን?"

"የኪቦርዱ ነዋ።"

"እኔ እንጃ ጺ። አልጠየቅኳትም።"

ሳቅኩና እሺ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኮራሁበት። ባሌን አበሻ ያልሆነ ሰው ፈልጎ ደወለለት ብዬ ለማንም መናገር አለመቻሌ ብቻ ነበር የቆጨኝ።

ምስጢር ግን ቤት ውስጥ ሲኖር ይለምዳል፣ ከዚያ እግሩን ይዘረጋል። ዮናስ ተለወጠ። ሌሊቱን ሠርቶ የደከመው ሰውዬ ረቡዕ ሲሆን አይተኛም። ጢሙን ይላጫል። ልጆቹ አንድ ነገር ድገምልን ሲሉት "ኦትራ ቬዝ!" እያለ ይጫወታል፤ በስፓኒሽ "እንደገና" ማለት ነው አለኝ። ከኔ ጋር አማርኛ ለመናገር ጊዜ ያጣው ሰው ስፓኒሽ መማሪያ ጊዜ አገኘ።

አንድ ረቡዕ ፊቱ እያበራ ገባ። "ሦስተኛውን ዘፈን ጨረስነው! ጺ፣ እንዴት እንደወጣ ብትሰሚ!" አለኝ።

"አሰማኛ።"

ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አለፈ። "ሚክስ ሳይደረግ አይሰማም" ብሎ ወደ ሻወር ገባ።

በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት በር ላይ ስንተላለፍ፣ "ዛሬ የቱን ነው?" አልኩት፣ እንዲሁ ለወሬ።

"ሦስተኛውን" አለና እንደ ማዛጋት ብሎ ገባ።

ሦስተኛውን? ጨረስነው ብሎ የጨፈረበትን? አውቶብሱን እየነዳሁ ሦስተኛውን፣ ሦስተኛውን እላለሁ። ያለቀ ዘፈን ምን ያስኬደዋል? የሚያማክሩት ሰው እንኳን የለኝም። ለጓደኛ ባወራ ወሬው እሁድ ሳይደርስ ቤተክርስቲያን ይደርሳል። ለሽማግሌ ባወራ ባሌን በገዛ አፌ ከመድረክ አወረድኩት ማለት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ምናልባት ከተማው ሁሉ ሰምቶ እኔ ብቻ ቀርቼ ይሆናል እያልኩ ፍሬኑን ሳያስፈልግ እረግጣለሁ።

የመጨረሻው ልጅ ከአውቶብሱ ሲወርድ ወሰንኩ። አውቶብሱን ወደ ቤት ወስጄ ማቆም ነበረብኝ፤ ለግል ጉዳይ መንዳት ክልክል ነው። እኔ ግን መሪውን ስቱዲዮው ወዳለበት ሰፈር፣ ወደ ኦግደን አዞርኩት።

ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ንፋስ ገብቶ ስለነበር የከረመው በረዶ ቀልጦ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ውሃ ሆኗል። ስቱዲዮው ከባቡር ሐዲዱ ፊት ለፊት ባለ መንገድ ላይ፣ አንድ አሮጌ ቤት ጓሮ ያለ ጋራዥ ነው። አድራሻውን ከስልኩ ላይ አይቼ ከያዝኩት ቆይቻለሁ። መኪናችን በሩ ላይ ቆሟል። አጠገቡ አንዲት ቀይ ትንሽ መኪና አለች፤ የሷ ናት አልኩ። ሁለቱ መኪኖች መስታወታቸው ሊነካካ ምን ቀረው። መኪናም ይቀናበታል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይቀናበታል።

ከመንገዱ ባሻገር አቁሜ ቀትር እስኪያልፍ ተቀመጥኩ። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። እጅ ለእጅ ተያይዘው እስኪወጡ? ሞተሩን አጥፍቼ ወደ በሩ እያየሁ ሳለ የአውቶብሱ በር ተንኳኳ።

ጋሼ ተስፋዓለም ናቸው። ጋሼ ተስፋዓለም ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛውን በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ተምረው ከኛ አሳምረው ይናገሩታል። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት እዚያው የባቡሩ ግቢ ውስጥ መካኒክ ነበሩ። ከሁሉ የከፋው ግን የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ መሆናቸው ነው።

በሩን ከፈትኩላቸው።

"ልጄ፣ በዚህ ሰፈር የሚወርድ ተማሪ አለ እንዴ?" አሉኝ።

"የለም፣ ጋሼ። መንገድ ተሳስቼ ነው።"

"መንገድስ አልተሳሳትሽም።" ሁለት ደረጃ ወጡና ከፊተኛው ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። "እኔ የምኖረው እዚህ ነው፤ ያቺ አረንጓዴ አጥር ያላት። መኝታ ክፍሌ ከዚያ ጋራዥ ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው።"

"እንግዲያው..."

"በረዶው መጣል ከጀመረ ጀምሮ እሰማዋለሁ። የዮናስን እጅ የማላውቅ መሰለሽ?"

"ለሽማግሌዎች ይነግሩብናል?"

"እኔም ሽማግሌ ነኝ። ለራሴ ነግሬዋለሁ። ገና እየመከርኩበት ነው።" ፈገግ ሳይሉ ነው የተናገሩት። ከዚያ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩኝ። "አንቺን ግን እዚህ ያመጣሽ የሱ መዝፈን አይመስለኝም።"

ማልቀስ ጀመርኩ። አባቴ ቢሆኑ ኖሮ አላለቅስም ነበር፤ ባዳ ሰው ሲያዝንልህ ነው እንባ የሚቀድምህ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጢም መላጨቱን፣ ስፓኒሹን፣ ያለቀውን ሦስተኛ ዘፈን። አላቋረጡኝም። በመጨረሻ ተነሱና የአውቶብሱን ብረት ይዘው፣

"ግቢና እዪ። እኔ በእግዚአብሔር ፊት የማውቀውን ልንገርሽ፤ ከግድግዳው ወዲያ ሙዚቃ እንጂ ሌላ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ግን የሰማሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ ራስሽ ካላየሽ አታምኝም" አሉኝ።

ወረድኩ። ለሥራ የምለብሰውን ብርቱካናማ ሰደርያ እንደለበስኩ ነኝ። ጋራዡ በር ላይ ደርሼ ላንኳኳ እጄን ሳነሳ አንድ ረጅም የጭነት ባቡር መጣና ምድሩን ማንቀጥቀጥ ጀመረ። በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ጺሙ የተንጨባረረ ሰውዬ ቡና ይዞ ወጣ። ድምፅ የሚቀዳው ኮሪ እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። ባቡር ሲያልፍ መቅዳት ስለማይቻል ሁሌም ያኔ ነው የሚያርፉት። ሰደርያዬን አየ፣ አውቶብሱን አየ።

"ኦ፣ መኪናዬ መንገድ ዘጋችብሽ አይደል? ያቺ ቀይዋ?" አለኝ በእንግሊዝኛ። "ሶሪ፣ ሶሪ። ይቺን አንድ ቴክ እንቅዳና አነሳታለሁ። ግቢ ቁጭ በይ፣ ንፋስ ነው። ድምፅ ብቻ እንዳታሰሚ።"

ቀይዋ መኪና የሱ ነበረች። እኔም "ኖ ፕሮብለም" ብዬ ገባሁ።

ጠባብ ክፍል ነው። ከፊቱ መስታወት አለ፤ ከመስታወቱ ወዲያ ሌላ ክፍል። ዮናስ ጀርባውን ሰጥቶኝ ኪቦርዱ ላይ ተቀምጧል። እሷ ከወዲያኛው ጥግ ማይኩ ፊት ቆማለች። አልዋሻችሁም፣ ቆንጆ ናት። ጸጉሯን በእርሳስ ጠቅልላዋለች፣ የወንድ የሚያህል ሹራብ ለብሳለች፣ እግሯ ላይ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ብቻ ነው፣ እንዲያም ሆና ቆንጆ ናት። ግን በመካከላቸው ሦስት ሰው የሚያስተኛ ቦታ አለ። እሱ ጣቶቹን ያያል፣ እሷ ወረቀቷን ታያለች።

"ብዙ ቆያችሁ?" አልኩት ተከትሎኝ የገባውን ኮሪን በሹክሹክታ። ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው።

"ይቺን ዘፈን ስፓኒሹን ባለፈው ሳምንት ጨርሰናል፤ ዛሬ እንግሊዝኛው ነው። አልበሙ በሁለት ቋንቋ ስለሆነ እያንዳንዱ ዘፈን ሁለት ጊዜ ይቀዳል። ቃሉ ሲቀየር ትንፋሹ ስለሚቀየር ፒያኖውም አብሯት እንደገና ይጫወታል። እብዶች ነን" አለኝና ሳቀ።

ሦስተኛው ዘፈን። ኦትራ ቬዝ። ይኸው ነበር ነገሩ ሁሉ! ሞኝነቴ አሳቀኝ፤ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ሳቄን ዋጥኩት። አምላኬን አመሰገንኩ። ቀስ ብዬ ወጥቼ ለመሄድ፣ ዮናስም ሳያየኝ አውቶብሴን ይዤ ለመጥፋት ተነሳሁ።

ባቡሩ አለፈ። ኮሪ እጁን አነሳ። ዮናስ መጫወት ጀመረ።

ዜማዋን አወቅኋትና በሩ ላይ ቆምኩ።

እዚህ ላይ ወደኋላ መመለስ አለብኝ። አዲስ አበባ ሆኜ ወረቀቴን ስጠብቅ፣ ዮናስ ከዚህ በስልክ ዜማ ይልክልኝ ነበር። እሱ ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ "ናፈቅሽኝ" ብሎ ከመጻፍ ይልቅ በኪቦርድ ተጫውቶ ይልካል። አብዛኞቹን መዝሙር አደረግናቸው። አንዷን ግን "ለዚህች አንቺ ቃል አውጪላት፣ የሁለታችን ትሁን" አለኝ። አወጣሁላት። ስለ እግዚአብሔር አልነበረም፤ ስለሱ ነበር። ካልጋሪ ስመጣ ኤርፖርት ላይ ጆሮው ውስጥ ዘፈንኩለት። በኋላ የኳየር መሪያችን ሳንጎራጉር ሰምታ "ይህን የመሰለ ዜማ መዝሙር እናድርገው እንጂ" ብትለኝ እምቢ አልኩ። ጌታ ብዙ መዝሙር አለው፤ እኔ ግን ያቺ ብቻ ነበረችኝ።

እሷ ነበረች አሁን ከኪቦርዱ የምትወጣው። እና ማሪሶል አፏን ከፍታ በእንግሊዝኛ ዘፈነቻት። መስኮት ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ ትላለች፣ በረዶው እስኪቀልጥ፣ ጎረቤቱ ሁሉ መብራት እስኪያጠፋ።

አቅፏት ባገኘው ይሻለኝ ነበር። በእግዚአብሔር ስም ነው የምላችሁ። ቢያቅፋት ጥፋቱ ስም አለው፤ እጮሃለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ሽማግሌ ይገባል። ይህ ግን ምን ይባላል? ባሌ ሳይነካት፣ ቀና ብሎ እንኳን ሳያያት፣ ለኔ ብቻ የነበረውን አውጥቶ ሰጣት። ቅናት ሲባል እሰማ የነበረው እስከዚያ ቀን ድረስ ስሙን ብቻ ነው።

"ኖ!" አልኩ።

ኮሪ ደንግጦ ቀና አለ። ጩኸቴ መስታወቱን አልፎ ኖሮ ዮናስ ዞረ። ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ። ሄድፎኑን አውልቆ ቆመ።

"ሁ ኢዝ ሺ?" አለች ማሪሶል።

"ማይ ዋይፍ" አለ።

ፊቷ በራ! "ጽዮን!" ብላ በካልሲዋ እየሮጠች መጥታ አቀፈችኝ። ስሜን ታውቀዋለች። ሳሙና ሳሙና ትሸታለች። እጆቼን እንደ እንጨት አንጠልጥዬ ቆምኩ፤ በእቅፏ ውስጥ ሆኜ ባሌን አያለሁ።

"ይቺ ዜማ የማን ናት?" አልኩት በአማርኛ።

"ጺ፣ እባክሽ እንውጣና..."

"የማን ናት አልኩህ?"

"የኔ ናት። እኔ ነኝ የሠራኋት።"

"ለማን?"

ማሪሶል ነገሩ ሳይገባት እጇን ለቀቀችና አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች።

"አልበሙ ላይ አንድ ዘፈን ጎደላት" አለ ቀስ ብሎ። "ዜማ አለህ ወይ ስትለኝ እጄ ራሱ ሄደ።"

"እጅህ ነው እንግዲህ ጥፋተኛው።"

"ጺ፣ ስንት ጊዜ ሆነሽ ከዘፈንሻት? ሊያ ከተወለደች ወዲህ አንዴ ሰምቼሽ አላውቅም። እኔ ስገባ አንቺ ትወጫለሽ። ለማን ልጫወታት? ረስታታለች አልኩ።" ሄድፎኑን ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠ። "እዚህ ስጫወታት ሰው ዝም ብሎ ሰማኝ። እሱ ነው የሆነው፤ ሌላ ምንም አልሆነም።"

ይህ ደግሞ ሌላ ቢላ ነበር። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይላሉ፤ ቀዳዳውን ሁለታችንም ነበርን የተውነው። ግን ያን ጊዜ ይህን ለማለት ልቤ አልፈቀደም።

"ጠይቀኸኝ ነበር?"

"ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ ብዬ ፈራሁ።"

"አዎ፣ እምቢ ነበር የምልህ!"

ማሪሶል ጣልቃ ገባች። "ዮናስ፣ ምንድነው? ዘፈኑ ነው?" ነገራት። እንግሊዝኛው እየተንተባተበ ነው የነገራት፤ ለሚስቴ የሠራኋት ዜማ ናት፣ የራሷ ቃልም አላት ብሎ። ማሪሶል ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ እንደ ልጅ፣ እግሮቿን አጣጥፋ።

"ለኔ እኮ የማንም ያልሆነ የድሮ ዜማ ነው ብለኸኛል" አለችው።

ዮናስ አንገቱን ደፋ። የማንም ያልሆነ። ይህችን ቃል እስከዛሬ ብዙ ጊዜ አኝኬያታለሁ፣ አሁንም አትዋጥልኝም።

ማሪሶል ወደኔ ቀና አለች። "ከአልበሙ ሁሉ የምወዳት ይቺን ነው። ከአልበሙ አውጪው ካልሽኝ ግን አወጣዋለሁ። አለቅሳለሁ፤ ግን አወጣዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ ያንቺን ልስማው።"

እዚያው በቆምኩበት ዘፈንኩላት፣ ያለ ማይክ፣ ሰደርያዬን እንደለበስኩ።

አገርህን አላውቅ፣ መንገዱም ጠፍቶኛል፣
ዜማህን ይዣለሁ፣ እሱ ይመራኛል።

ዮናስ ሳያስበው ይመስለኛል ኪቦርዱ ላይ ተቀመጠና አጀበኝ። ድምፄ መጀመሪያ ላይ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ያዘ። ስጨርስ ኮሪ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

"አሁን ያንቺን ስፓኒሹን አሰሚኝ" አልኳት።

ኮሪ ከፈተው። መጨረሻ ድረስ ሰማሁት። ታሪኩን የምነግራችሁ እውነቱን ልናገር ብዬ ነውና ይኸው፤ ከኔ አስበልጣ ዘፍናዋለች። እኔ የኳየር ድምፅ ነው ያለኝ፣ ደህና ድምፅ ነው፤ የሷ ግን ሌላ ነው። ቃሉ ሳይገባኝ፣ አዲስ አበባ መስኮት ላይ ቆማ የነበረችውን እኔን አየኋት። የሚያስቆጨኝም እሱ ነው። መጀመሪያ በባሌ ቀናሁ፣ ቀጥዬ በዜማዬ ቀናሁ፣ ሦስተኛው በድምፅዋ መጣ፤ ከሁሉ የመረረኝ የመጨረሻው ነበር።

ሰዓቴን አየሁ። ልጆቹ የሚወጡበት ሰዓት እየደረሰ ነው። ሦስቱም እኔን ያያሉ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። "አጥፊው" የምትለው ቃል ምላሴ ላይ ነበረች፣ ጣፋጭ ሆና።

"ስፓኒሹ ይቅር... ማለቴ ያንቺ ይሁን፣ ይቆይ" አልኳት። "እንግሊዝኛው ግን አይሆንም። አይቀዳም።"

"ለምን? ሁሉም ዘፈን ሁለት ነው እኮ" አለች፣ ተገርማ እንጂ ተከራክራ አይደለም።

"ልጆቼ የሚያውቁት እንግሊዝኛ ነው። አንድ ቀን በሬዲዮ ይሰሙታል። አባታቸው ለእናታቸው የሠራውን ከሌላ ሴት አፍ፣ በሚገባቸው ቋንቋ እንዲሰሙት አልፈልግም።"

ማሪሶል ተነሳችና ለኮሪ፣ "የዛሬውን አጥፋው" አለችው። ኮሪ አንድ ጊዜ ተነፈሰና አጠፋው። ዮናስ ሊከተለኝ ሲነሳ፣ "አንተ ሥራህን ጨርስ፣ እኔም ሥራ አለብኝ" ብዬው ወጣሁ። ጋሼ ተስፋዓለም አውቶብሱ አጠገብ ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ ፊቴን አይተው ምንም ሳይጠይቁኝ ከግራና ከቀኝ መኪና አለመኖሩን አይተው በእጃቸው አሳለፉኝ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ በሰዓቱ ደረስኩ።

ቤት ውስጥ የተባባልነውን ሁሉ አልጽፈውም፤ ከፊሉ ለኛ ይቅር። ለቀናት አኩርፌ ሰንብቻለሁ። ዮናስ በዚያ ሳምንት በራሱ እግር ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ዘፈን ማጀቡን ተናገረ። ጋሼ ተስፋዓለም "ዘገየህ እንጂ መጣህ" አሉት አሉ። ከአገልግሎት አረፈ፤ የማሪሶልን አልበም ግን ጀምሬያለሁ ብሎ ጨረሰላት። እሁድ እሁድ ሦስተኛው ረድፍ ላይ መቀመጥ ጀመረ። ያን ሁሉ ዓመት ከጎኔ እየተጫወተ እንጂ ከፊቴ ተቀምጦ ሰምቶኝ አያውቅም ነበር። አሁን ያየኛል፣ እኔም ግጥም መሳት ጀመርኩ።

የሌሊት ሺፍቱንም ቀየረ፤ ወዲያው ሳይሆን ብዙ ለምኖ።

አልበሙ ወጣ። ሁሉም ዘፈን በሁለት ቋንቋ አለ፤ አንዷ ብቻ በስፓኒሽ ብቻዋን ቆማለች። ባዶ አውቶብስ ስነዳ እሰማታለሁ። ዛሬም እቀናለሁ፣ አልፈወስኩም፤ ተፈወስኩ ብዬ እንድመሰክር የምትጠብቁ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። የተማርኩት ሌላ ነገር ነው። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደኛ በር ላይ የምትተላለፉ ባልና ሚስቶች፣ ቅናት ሲመጣባችሁ ኃጢአት ነው ብላችሁ ብቻ አታባርሩት። የኔ ቅናት የሆነ ነገር ተወስዶብሻል ብሎ ነበር የቀሰቀሰኝ፤ እዚያ ላይ አልዋሸም። ምን እንደተወሰደና ማን እንዳስወሰደው ነው ያሳሳተኝ። ሄጄ ባላይ ኖሮ፣ አንዲትን ሴት በማታውቀው ነገር እየረገምኩ፣ ያለኝንም ነገር ሳልዘፍነው አረጅ ነበር።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ዮናስ ቤት ነው። ኪቦርዱን ሳሎን ውስጥ ይተክላል። በቀደም ያቺን ዜማ ጀመረና ቀና ብሎ አየኝ፤ እጄን ከዕቃ ማጠቢያው አውጥቼ ዘፈንኩ። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ነበሩ። ስጨርስ ሊያ፣

"ማሚ፣ ዋት ዳዝ ኢት ሚን?" አለችኝ።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ግን አባቷ ቀደመኝ። ዮናስ ጣቶቹን ከኪቦርዱ ሳያነሳ መለሰላት፣ በእንግሊዝኛ፣ አንድ በአንድ፤ የት እንደምትኖር አላውቅም ትላለች፣ መንገዱም ጠፍቶብኛል ትላለች፣ ግን ዘፈንህ በእጄ ስላለ እሱን ይዤ አገኝሃለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም ቋንቋ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

"ማንን ነው የምትለው?" አለችው ሊያ በእንግሊዝኛዋ።

"ሚ" አለ።

ሊያ አሰበችበት። "ዲድ ሺ ፋይንድ ዩ?"

ዮናስ መጫወቱን አቆመና ወደኔ ዞረ።

"የስ" አላት። "ኦግደን ድረስ መጥታ።"